ለዝላይ ያልተሰላ ወለል

በእኔ ሙያ ሰው ማለት ሸክም ነው። ይህን ስል ሰው ይቀየመኛል፤ ባለቤቴም በተጋባን ሰሞን ተቀይማኛለች። እውነቱ ግን ይኸው ነው። እኛ የህንፃ መሐንዲሶች አንድ ወለል ላይ ማን ይቆማል ብለን ስናስብ ሙሽራ፣ ለቀስተኛ፣ ባለሥልጣን ብለን አንለይም። ሁሉም ኪሎ ነው። ለመኝታ ክፍል ይህን ያህል፣ ለቢሮ ትንሽ ጨመር አድርገን፣ ሰው ተሰብስቦ ለሚቆምበት አዳራሽ ደግሞ ከሁሉም በላይ። ለመኝታ ክፍል ለምን ትንሽ ሸክም እንደሚታሰብ ተማሪ ሳለሁ መምህራችንን ጠይቄ ከክፍል ተባርሬያለሁ። ጥያቄዬ ግን የሚናቅ አልነበረም።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ገና ልጅ ነበርኩ። ያኔ ለእኔ ጂንካ ውስጥ ከባህር ዛፍ የሚበልጥ ከፍታ አልነበረም። ከባህር ዛፍም የሚከብድ ነገር አላውቅም ነበር፤ አውሮፕላኑ ሲቀር። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ከተማው መሃል ባለው የሣር ሜዳ ላይ ነው። ከመምጣቱ በፊት ከብቶቹ ይባረራሉ፣ እኛም ከከብቶቹ ጋር እንባረራለን፣ ከዚያ ተመልሰን ዳር ላይ እንኮለኮላለን። አንድ ቀን እናቴ ጎደሬ ተሸክማ ወደ ገበያ ስታልፍ ቀሚሷን ይዤ፣ ያ ሁሉ ብረት ሲያርፍበት መሬቱ አይሰበርም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሸክሟን እንኳ ሳታወርድ፣ «መሬት ምን ይሆናል?» አለችኝና መንገዷን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ዓመታት ሙሉ ስለ መሬት ተምሬያለሁ፤ ብዙ ነገር እንደሚሆንም አውቄያለሁ። ይሰምጣል፣ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ለእሷ ግን አንድም ቀን አልነገርኳትም።

ተምሬ ስመለስ ጥቂት ጊዜ መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ከዚያ አንድ ጠረጴዛ አንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አስቀምጬ «አማካሪ» ተባልኩ። በአገራችን ህንፃ የሚያሠራ ሰው ሁሉ የሚፈልገው አንድ ዓይነት ነው፤ በወረቀት «ቅይጥ አገልግሎት» እንለዋለን። ታች ሱቅ፣ መሃል መኝታ፣ ላይ የራሱ ቤት፣ ከጣሪያው በላይ ደግሞ እግዜር ሲል ሌላ ፎቅ ይጨመርበታል ተብሎ ወደ ሰማይ የተተወ ፌሮ። ወይጦ መንገድ ዳር እንዲህ ያለ ቤት ስናሠራ ሙቀቱ አርማታውን ገና ከመኪና ሳይወርድ ያደርቀው ነበር። እዚያው አንድ ደንበኛዬ ፍየሎቹን አንደኛ ፎቅ ላይ ማሳደር ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። የፍየል ክብደት አስልቼ፣ «ይቻላል፣ ደረጃውን ከወደዱት» አልኩት። ደረጃውን ወደዱት። መውረዱን ነው እምቢ ያሉት።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ወደ አንድ ህንፃ ለመድረስ ነው። ጂንካ ውስጥ ከሠራኋቸው ሁሉ እንደ እሱ ያለፋኝ የለም።

ባለቤቱ ነጋዴ ነው። አባቱ ከሰሜን ለሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እሱ ደግሞ በወጣትነቱ አልዱባ ገበያ ማርና ፍየል እየገዛ ነው የተነሳው። ባለሁለት ፎቅ ነደፍኩለት። ምድር ቤቱ ሱቆችና አንዲት ሻይ ቤት፣ አንደኛው ፎቅ መኝታ ክፍሎች፣ ሁለተኛው የራሱ መኖሪያ። አንደኛውን ፎቅ የተሸከመውን የአርማታ ወለል፣ ሶሌታውን፣ ያሰላሁት ለአልጋ፣ ለቁም ሣጥንና ለደከመው መንገደኛ ነው። ወለሉ ስስ ነበር ማለት አይደለም። ለተባለው ሥራ ልክ ነበር፤ ለዝላይ ግን አልነበረም። አልጋ ላይ የሚዘል እንግዳ ቢመጣ እንኳ አንድ ነው፤ ቢበዛ ሁለት።

መኝታው አልሠራ አለ። በየሁለት ቤቱ ፔንሲዮን ተከፍቶ ስለነበር ከእንግዳው አልጋው በዝቷል። በዚያው ክረምት እናቴ የምታመልክበት ጉባኤ የጭቃ አዳራሽ ግድግዳው በዝናብ ተደረመሰ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልነበረበትም። ምእመናኑ መሰብሰቢያ አጡ፣ ነጋዴው ተከራይ አጥቷል፤ ተገናኙ። እኔ ያን ጊዜ ለሥራ ራቅ ወዳለው ዱስ ወርጄ ስለነበር ምንም አልሰማሁም።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ ልናገር። እናቴ ዘማሪ ነበረች፤ በመንደራችን መዝሙር የምታነሳው እሷ ነበረች። በቋንቋችን በአሪኛ ስትጀምር ገና እርሻ ላይ ያለው ሰው ቀና ይላል። ድምፅዋ ከመንደራችን ጂንካ ይሰማ ነበር ብል የሚያውቋት አያርሙኝም። አባቴ ሲሞት ግን ዝም አለች። ማልቀሱን አልቅሳ ጨረሰች፣ ሥራዋንም ቀጠለች፣ ከሰውም ትጫወታለች፤ መዝሙር ግን ከአፏ አልወጣም። ጉባኤ ሄዳ ትቀመጣለች፣ ሌሎቹ ሲነሱ አብራ ትነሳለች፣ ከንፈሯ ግን አይንቀሳቀስም። እኔና እህቶቼ ቀስ ብለን ሞክረናል። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ ሆን ብዬ ዜማውን እያበላሸሁ ዘመርኩላት፤ ተናዳ ታስተካክለኛለች ብዬ። «ተው ልጄ፣ በሬዎቹ ይደነግጣሉ» አለችኝ።

ከዱስ በተመለስኩ እሁድ፣ «አዲሱን አዳራሽ ና እይ» አለችኝ። ወዴት እንደምትወስደኝ ሳላውቅ ተከትያት ሄድኩ። ደረጃው ላይ ስንወጣ የራሴ ደረጃ መሆኑን አወቅሁ፤ የገዛ ደረጃውን የማያውቅ መሐንዲስ የለም። አንደኛ ፎቅ ስንደርስ በሩን ከፍታ አስገባችኝ።

ግድግዳዎቼ የሉም። መኝታ ክፍሎቹ በሙሉ ፈርሰው አንድ ሰፊ አዳራሽ ሆነዋል፤ ሰውም ጢም ብሎ ሞልቶበታል።

አፌን ልከፍት ስል ኪቦርዱ ጀመረ። ከበሮው ተከተለ። ሰዉ ቆመ፣ ከዚያ መዝለል ጀመረ። በጉባኤያችን ደስታ በእግር ነው የሚገለጸው፤ ሽማግሌም ቢሆን ይዘላል። እናቴ ከጎኔ ቆማለች። መዝሙሩ አባቴ የሚወደው ነበር። ቀስ ብላ ነጠላዋን አጠበቀች፣ እግሯን አነሳች፣ አወረደች፣ እንደገና አነሳች። ከዚያ እናቴ ዘለለች። አፏም ተከፈተ። ያ ድምፅ፣ የቀበርነው የመሰለን ድምፅ፣ እዚያው ነበር፤ ትንሽ ሻከር ብሎ። ከፊት ያሉት ሴቶች ዞረው አዩና እልል አሉ።

እንባዬ መጣ። በዚያችው ቅጽበት ደግሞ እግሬ ስር ወለሉ ወደ ታች ሄዶ ተመለሰ። ሰው ሁሉ ባንድ ላይ ሲነሳ ወለሉ ይነሳል፣ ባንድ ላይ ሲወርድ ይወርዳል። ሰው ሲተነፍስ ሆዱ እንደሚያደርገው። ጆሮዬ እናቴን እየሰማ እግሬ ሶሌታውን ይሰማ ነበር። የቱን ላምን?

መዝሙሩ አልቆ ሰዉ ለስብከት ሲቀመጥ ደረጃውን ወርጄ ወደ ሻይ ቤቱ ገባሁ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ቀልደኛ ሴት ናት፤ በዚህ የተነሳ አንዋደድም፣ እንፎካከራለን።

«ኢንጂነሬ! ዛሬ አልዘለልክም እንዴ?»

«ከላይ ሲዘሉ ምን ይሰማሻል?»

«እኔማ ምን ይሰማኛል፤ ብርጭቆዎቼ ናቸው የሚሰማቸው። እሁድ እሁድ አብረው ይዘምራሉ። እኔ ቅዳሴ አስቀድሼ ስመለስ እነሱ ጴንጤ ሆነው ይጠብቁኛል።»

ሳቅሁ። ስስቅ ቀና አልኩ። ከብርጭቆ መደርደሪያው በላይ፣ ሶሌታው መሃል ለመሃል፣ ልስኑ በቀጭኑ ተሰንጥቋል። ወንበር ስቤ ወጣሁና ልስኑን በቁልፍ ፋቅ ፋቅ አደረግሁት። ስንጥቁ በልስኑ አላበቃም፤ አርማታው ውስጥ ገብቷል።

«ምንድነው?» አለች፤ ቀልዷ ከፊቷ ጠፍቷል።

«ዛሬ ዝጊ፣ እህቴ።»

ወደ ላይ ሮጬ ወጣሁ። ከጉባኤው ሽማግሌዎች ትልቁ በር አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ጆሯቸው ስር ሄጄ፣ «አባባ፣ ዛሬ ከእንግዲህ ማንም እንዳይዘል» አልኳቸው። ምክንያቱን አልጠየቁኝም። ስብከቱ ሲያልቅ ተነሱና፣ «ዛሬ ተቀምጠን ጸልየን፣ በዝግታ ወርደን እንለያይ» አሉ። እናቴ ከሩቅ አየችኝ። የመዝሙሩ ደስታ ገና ከፊቷ አልወረደም ነበር።

በማግስቱ ነጋዴውን ሱቁ ውስጥ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ግድግዳዎቹ የት ሄዱ?»

«አነሳኋቸዋ! ሸክም ቀነስኩልህ። በየቀኑ 'ሸክም፣ ሸክም' እያልክ ጆሮዬን የበላኸው አንተ አይደለህም?»

«ግድግዳ አንዴ ከቆመ ቆሞ ይቀራል ጋሼ። አይዘልም።»

«ታዲያ ከሚተኛ ሰውና ከሚዘል ሰው የቱ ይከብዳል? የሚዘል ሰው እኮ ግማሹን ጊዜ አየር ላይ ነው!»

እምልላችኋለሁ፣ ይህን መልስ መምህሮቼ ቢሰሙ ከእኔ ነጥቀው ለእሱ ዲግሪውን ይሰጡት ነበር። ችግሩ አየር ላይ የወጣው ሁሉ ባንድ ላይ መውረዱ ነው። ወደ ሻይ ቤቱ ወስጄ ስንጥቁን አሳየሁት። ቀና ብሎ አየ። «እመቤቴን!» አለ። ከዚያም ቀስ ብሎ፣ «ልጆቼ እኮ ላይ ነው የሚያድሩት» አለ።

ከሽማግሌዎቹ ጋር የተሰበሰብነው እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ተደግፈን ነው። ከሴቶች ጸሎት ቡድን እናቴም መጥታ ነበር። እንደምችለው አስረዳሁ። ከስር የባህር ዛፍ ግንድ ለድጋፍ፣ ፑንቴሎ፣ ይቆማል፤ ሰዉ በሁለት ፈረቃ ይከፈላል፤ ቆሞ መዘመር ይቻላል፣ ማጨብጨብ ይቻላል። ጉባኤው ከከተማው ዳር የተሰጠው ቦታ ስላለ የራሱን አዳራሽ እስኪሠራ ድረስ ግን መዝለል የለም።

«ማጨብጨቡ አይከብድም?» አሉ አባባ።

«አይከብድም። እግር ብቻ ነው።»

«እግር ብቻ» አሉ፤ እግራቸውን እያዩ።

እናቴ ተነሳች። አማርኛዋ ደህና ነው፤ ስትቆጣ ግን በአሪኛ ነው የምትናገረው።

«እግዚአብሔርን በስንት ኪሎ አስልተኸው ነው ወለሉ የማይችለው?»

«እሱ አይደለም እማዬ። የምንከብደው እኛ ነን።»

«ያ ንጉሥ በታቦቱ ፊት ሲዘል ማን መሐንዲስ ጠራ?»

«ንጉሡ መሬት ላይ ነበር፣ እማዬ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ደበቀ። እሷ አልሳቀችም። በሰው ፊት መልስ ስመልስላት የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሲመልሱ ደስ የሚል፣ መልሰው ካበቁ በኋላ ግን የሚያቃጥል መልስ።

ፑንቴሎው ቆመ። ሻይ ቤቷ ጫካ ሆነች፤ ደንበኛው ሻዩን የሚጠጣው ግንድ ለግንድ እየተያየ ነው። ባለቤቷ በየግንዱ ላይ ሚስማር መትታ የደንበኛ ጃኬት ትሰቅልበት ጀመር። «ጅብ ቢመጣብኝ ኃላፊነቱ ያንተ ነው» ትለኛለች።

ከላይ ያለው ግን ቀልድ አልነበረውም። ከፑንቴሎው በኋላ በመጀመሪያው እሁድ ጥግ ቆሜ ወለሉን ለማየት ሄድኩ። ኪቦርዱ ጀመረ፣ ሰው ሁሉ ቆመ፣ እጅ ሁሉ ወደ ላይ ወጣ፤ እግር ግን አልተንቀሳቀሰም። ያ ሁሉ ጉልበት ትከሻ ላይ ደርሶ ይቆማል። አንዳንዶቹ ጣታቸውን ጫማቸው ውስጥ ሲጨብጡ ይታያል። አንድ ጎረምሳ ራሱን ረስቶ ሊነሳ ሲል ግራና ቀኝ ያሉት ክንዱን ያዙት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ይህን ያህል ታዛዥ ወለል አይቼ አላውቅም። ብርጭቆ እንኳ አልተንቀጫቀጨም።

እናቴ መሃል ላይ ቆማለች። እጇ አልተነሳም። ከንፈሯም ተዘግቷል።

ወደ ቤት አብረን ተመለስን። ኔሪ ወንዝን እየሰማን ስንሄድ ቆመች።

«አባትህ ሲሞት ዝም ያልኩት ራሴ ነኝ። አሁን ግን ዝም ያሰኘኸኝ አንተ ነህ።»

«አፍሽን አልያዝኩም እኮ፣ እማዬ። እግርሽን ነው።»

«አፌ በእግሬ ነው የሚከፈተው» አለች።

ስለ ወለሉ ልክ ነበርኩ። ዛሬም ቢሆን ልክ ነኝ። እናቴም የዘለለችው ለአንድ መዝሙር ብቻ ነበር።

የአዳራሹን ንድፍ በነፃ ሠራሁ። ባለ አንድ ወለል፣ ባለ ሰፊ ጣሪያ፤ በህይወቴ ከነደፍኩት ሁሉ ቀላሉ። ልጅ ሳለሁ ብሠራው እንኳ የሚወድቅ አልነበረም። እናቴ ስለ ግድግዳውም ስለ መስኮቱም አልጠየቀችም።

«ወለሉ ምን ላይ ነው የሚያርፈው?»

«መሬት ላይ።»

«ከስሩ ሻይ ቤት የለም?»

«የለም።»

«እርግጠኛ ነህ? ያቺ ሴት የትም ትከፍታለች።»

ከዚያ ጭቅጭቅ በኋላ የመጀመሪያ ቀልዷ ነበር። ያችን ቀልድ ይዤ ወራት ሠራሁ።

ሥራው ግን ጎተተ። ሲሚንቶ ይጠፋል፣ ሲገኝ አሸዋ ይጠፋል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ዝናብ ይመጣል። መሠረቱ ወጥቶ ሳሩ እስኪውጠው ቆየ። ስናጭደው መልሶ በቀለ። እኔ ሲሚንቶ ሳሳድድ የእናቴ ጉልበት እያለቀ ነበር። መጀመሪያ ገበያ መሄድ ተወች። ከዚያ ምርኩዝ ያዘች። ከዚያ የህንፃውን ደረጃ መውጣት አቃታትና እሁድ ቤት ቀረች። ሐኪሙ የጉልበቷን ፎቶ ሲያሳየኝ ማብራሪያ አላስፈለገኝም፤ ያለቀ መጋጠሚያ ሳይ አውቃለሁ። ማታ ማታ ጉልበቷን ሳሽላት ስለ አዳራሹ ትጠይቀኛለች፤ እኔም እዋሻለሁ። ግድግዳው ወገቤ ጋ ሳይደርስ «መስኮት ደርሷል» እላታለሁ።

በመጨረሻ ወለሉን የምንሞላበት ቀን ደረሰ። ከስር ድንጋይ፣ ከላዩ ገረጋንቲ የሚባለው የሙሌት አፈር፣ ውኃ እየተረጨ በየንብርብሩ መጠቅጠቅ አለበት፤ ሊሾው የሚፈሰው ከዚያ በኋላ ነው። መጠቅጠቂያ ማሽኑን ከሌላ ሥራ ቦታ ተውሼ ነበር፤ የጫነው መኪና ወይጦ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ሰው ግን አካፋና ዶማ ይዞ ጠዋት መጥቷል። ገረጋንቲው ተበትኖ፣ ውኃው ተረጭቶ፣ ቆመን እንተያያለን።

አባባ መጡ። «ኢንጂነር፣ ይሄን አፈር ምን ይጠቀጥቀዋል?»

«ማሽን ነው አባባ። ነገ ይመጣል።»

«እስከዚያ በእግር ቢረገጥ ይጎዳል?»

በሰው እግር የተረገጠ ሙሌት ለመሐንዲስ ምንም ማለት አይደለም። ማሽኑ ሲመጣ እንደ አዲስ እንደምጠቀጥቀው አውቅ ነበር፤ ጠቅጥቄዋለሁም። «አይጎዳም» አልኳቸው። «እንዲያውም ጥሩ ነው።»

ዞረው ሰዉን አዩ። ከሴቶቹ አንዷ መዝሙር ጀመረች፣ ከዚያ ሁሉም ገባበት። ያ ሁሉ የታመቀ እግር! አካፋው ተጣለ፣ ጫማ ወለቀ። ጭቃው እስከ ጉልበት ይረጫል፣ ሰው ይዘላል፣ እኔም ዘለልኩ። ሆዴ ዘግይቶ እየወረደ ሁለት ሰው አስመሰለኝ።

እህቴ እናቴን በባጃጅ አመጣቻት። ማን እንደላከባት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለት ሴቶች ደግፈው ከመሠረቱ ድንጋይ አሻግረው አስገቧት። መዝሙሩ ዝግ አለ። በምርኩዟ ገረጋንቲውን መታ መታ አደረገችና አየችኝ።

«ይሄስ ይችላል?»

«መሬት ምን ይሆናል?» አልኳት።

ያን ቀን፣ ጎደሬውን፣ አውሮፕላኑን ታስታውስ እንደሆነ አላውቅም። ምርኩዟን ግን ሰጠችኝ። መዝሙሩን ራሷ አነሳች፤ የአባቴን። በደገፏት ክንዶች ላይ ተመዘዘች። ተረከዟ ተነሳ፤ ጣቶቿ ከጭቃው ሲላቀቁ አየሁ። እኔ ማጋነን የምወድ ሰው ነኝ፤ ይህ ግን አይጋነንም። ከመሬት የተነሳችው የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። ከዚያ ወረደች፤ ድምፅዋ ግን አልወረደም።

ቆርቆሮው ሳይመታ እናቴ አረፈች። ነጋዴው ግድግዳዎቹን መልሶ ሠርቷል፤ «መልሼ ስገነባው ቤቱ ቀለለው» ይለኛል፤ እኔም አልከራከርም። ሻይ ቤቷም ከግንዶቿ ተገላግላለች። አንዱን ግን ለጃኬት መስቀያ አስቀርታዋለች።

እሁድ እሁድ አዲሱ አዳራሽ ስሄድ ከሁለተኛው መስኮት አጠገብ እቆማለሁ። ሊሾው ለስላሳ ነው፣ ምልክት የለውም፤ እዚያ ማን እንደቆመች ለማንም አልነገርኩም። እኔ አልዘልም፤ ባለቤቴ፣ «ያንተን ክብደት መሬትም ያስብበታል» ትለኛለች። መዝሙሩ ይነሳል፣ ሰዉ ሁሉ ባንድ ላይ ይነሳል፣ ባንድ ላይ ይወርዳል። ከልማዴ የተነሳ እግሬን አጥብቄ አዳምጣለሁ። ምንም አይንቀሳቀስም።